የቆመች የስፌት መኪና ሁሉ የተበላሸች አይደለችም

በወርቃ ለአጥቢያ ሰበካ ጉባኤያትና ለልማት ኮሚቴዎች በተዘጋጀ የምክክር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።



ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ ለጉባኤ ያነሰ ሊመስል ይችላል። ስለ መርፌ፣ ስለ ክርና ስለ ዘይት ጠብታ ልንናገር ነውና። ነገር ግን በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 9 የተጻፈውን እናስታውስ። ጣቢታ የተባለች፣ ዶርቃም የምትባል ደቀ መዝሙር በኢዮጴ ባረፈች ጊዜ መበለቶቹ በቅዱስ ጴጥሮስ ፊት እያለቀሱ ያሳዩት በሕይወት ሳለች የሠራችላቸውን ልብስ ነበር። ስለ ደግነቷ የቀረበው ምስክር በእጅ የሚዳሰስ ስፌት ነው። እንግዲህ ስለ ስፌት መነጋገራችን ከቤተ ክርስቲያን አገልግሎት መውጣት አይሆንብንም።

ነገራችንን ባየነው እንጀምር። በአንድ የክትትል ጉዞ ከዚህ ከወርቃ ብዙ በማይርቅ ቀበሌ ወደ አንዲት እናት ቤት ገባን። እኚህ እናት በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ አዋሳኝ አካባቢዎች በተነሣው ግጭት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችን ሲፈናቀሉ ልጆቻቸውን ይዘው ከወጡት አንዷ ናቸው። ከተመለሱም በኋላ የልብስ ስፌት ሥልጠና ተሰጥቷቸው፣ አንድ በእግር የምትሠራ የስፌት መኪና ተረክበዋል። በእኛ መዝገብ ላይ ስማቸው «ራሳቸውን ከቻሉ» ሰዎች ተርታ ተጽፏል። ቤታቸው ስንገባ ግን መኪናዋ በማዳበሪያ ጆንያ ተሸፍና በምድጃው አጠገብ ቆማለች። በላይዋ የእንሰት መፋቂያና የቡና ጀበና ተቀምጦባታል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የቆመችው?» ብለን ጠየቅን። «ከነሐሴ ጀምሮ» አሉን። የጠየቅነው በጥር ወር ነበር። ከነሐሴ እስከ ጥር ማለት በዚህ አገር ምን ማለት እንደ ሆነ እናንተ ከእኛ ይልቅ ታውቃላችሁ። የተማሪ ዩኒፎርም የሚሰፋበት ጊዜ አለፋቸው። ቡናው ተለቅሞ በየቤቱ ገንዘብ የሚገባበት ወራት አለፋቸው። የገናና የጥምቀት ልብስ የሚታዘዝበትም አለፋቸው። ስለምን እንዳልነገሩን ስንጠይቃቸው ዓይናቸውን ወደ መሬት አድርገው፣ «በቤተ ክርስቲያን ስም የተሰጠኝን አበላሽቼ ምን ብዬ ልምጣ? አፈርሁ» ብለው መለሱልን።

መኪናዋን ከፈትናት። መርፌዋ ጀርባዋ ወደ ፊት ተደርጋ ገብታለች። ከጥርሶቹ ሥር የተጠቀጠቀው የጨርቅ ብናኝ እንደ ባዘቶ ጥጥ ሆኖ ይወጣ ነበር። በታችኛው መንጠቆ ላይ አንዲት ብጣሽ ክር ተጠምጥማለች። የተሰበረ ዕቃ አልነበረም። ከግማሽ ሰዓት ባነሰ ጊዜ መኪናዋ መስፋት ጀመረች። እኚያ እናት ደስ አላቸው፤ እኛ ግን ከዚያ ቤት አፍረን ወጣን። እርሳቸው ሊያፍሩበት የማይገባው ነገር የእኛ ኀፍረት መሆን ነበረበት። መኪናውን ስንሰጥ መርፌ መቀየርን አጥብቀን አላስተማርንም፤ ከሰጠንም በኋላ ያስረከብነውን ቆጠርን እንጂ የሚሠራውን አልቆጠርንም።

ስለዚህ ዛሬ ወደ እናንተ የመጣነው ሁለት ነገር ይዘን ነው። አንደኛው የስፌት መኪና በቤት ውስጥ ስትቆም በምን ቅደም ተከተል መመርመር እንዳለባት ነው። ሁለተኛው ይህን ምርመራ የአጥቢያው ኮሚቴ የራሱ ሥራ እንዲያደርገው ነው።

መኪናዋ እንዴት ትሰፋለች?

በአገራችን የስፌት መኪና ምንም ዓይነት ምልክት ቢኖራት «ሲንጀር» ትባላለች። ስሙ የመጣው አይዛክ ሲንጀር ከሚባለው አሜሪካዊ ነው፤ እርሱም እ.ኤ.አ. በ1851 ለስፌት መኪናው የባለቤትነት መብት ያገኘ ሰው ነው። ዛሬ በየገበያው በረንዳ የምናያቸው በእግር የሚሠሩ መኪኖች በአሠራራቸው ከዚያ ዘመን መኪና እጅግ አልራቁም። ይህም ለእኛ በረከት ነው፤ መብራት ባይኖርም ይሠራሉ፣ ክፍሎቻቸውም በዓይን ይታያሉ።

መኪናዋ የምትሰፋው በሁለት ክር ነው። አንዱ ከላይ ከድውሩ ተነሥቶ በመርፌዋ ዓይን ያልፋል። ሌላው ቦቢን በምንላት ትንሽ መንኮራኩር ላይ ተጠቅልሎ ከታች ይቀመጣል። መርፌዋ ጨርቁን ወግታ ወርዳ ወደ ላይ መመለስ ስትጀምር ከጎኗ ትንሽ የክር ቀለበት ትፈጠራለች። ከታች የሚዞረው ሹል መንጠቆ ያችን ቀለበት ይዞ በታችኛው ክር ዙሪያ ያሳልፋታል። ሁለቱ ክሮች በጨርቁ ውፍረት መካከል ይቆላለፋሉ። ከዚያም ጥርሶቹ ጨርቁን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይስቡታል።

ይህን የተረዳ ሰው ብልሽቱንም ይረዳዋል። መርፌዋ ከታጠፈች ወይም ዝቅ ብላ ከገባች መንጠቆው ቀለበቷን አያገኛትም፤ ስፌቱም ይዘላል። የላይኛው ክር በቦታው ካልተወጠረ ከጨርቁ ሥር ይንዠረገጋል። ጥርሶቹ በብናኝ ከተሞሉ ጨርቁ አይንቀሳቀስም። የችግሩ ምልክት ብዙ ይመስላል፤ ምክንያቱ ግን ጥቂት ነው።

አምስቱ የምርመራ ደረጃዎች

ትልቁ ስሕተት ካቻቢቴ አንሥቶ ያገኙትን ብሎን ሁሉ ማዞር ነው። በዚህ ምክንያት ትንሽ ችግር የነበረባት መኪና በእውነት ትበላሻለች። ስለዚህ ከቀላሉ ወደ ከባዱ እንሂድ። መኪናዋ የኤሌክትሪክ ከሆነች ከሁሉ በፊት ከሶኬት ትነቀል። የእግር ከሆነችም መርፌ ሲነካ እግር ከፔዳሉ ላይ ይነሣ፤ ልጆችም ከመዘውሩ ይራቁ።

የመጀመሪያው መርፌ ነው። ከሁሉ የሚረክሰው ዕቃ መርፌ ሲሆን አብዛኛው ችግር የሚነሣውም ከእርሱ ነው። መርፌውን አውጥተን ጠፍጣፋ ጀርባውን በመስተዋት ወይም በለስላሳ ብረት ላይ እናስተኛው። በመርፌውና በመስተዋቱ መካከል ያለው ክፍተት እስከ ጫፉ እኩል ካልሆነ መርፌው ታጥፏል። ጫፉን በጥፍራችን ላይ ቀስ ብለን ስንስበው ከቧጠጠ ደንዝዟል ወይም ተጣሟል። ሁለቱም ቢሆኑ መርፌው ይጣላል፤ መርፌን ሞርዶ መልሶ መጠቀም ክሩንና ጨርቁን መበጣጠስ ነው። ብዙ የሚሰፋ ሰው ወደ 8 ሰዓት ያህል ከሰፋ በኋላ መርፌ እንዲቀይር ይመከራል።

አገባቡም የራሱ ሥርዓት አለው። በመርፌው አንድ ጎን ረጅም ቦይ አለ፤ ቦዩ ክሩ ወደ ዓይኑ በሚገባበት በኩል ይሆናል። ጠፍጣፋው ጀርባ መንጠቆው ወዳለበት ጎን ይዞራል። መርፌው እስከ መጨረሻው ወደ ላይ ተገፍቶ ይታሰራል፤ በትንሹ እንኳ ዝቅ ካለ ስፌት ይዘላል። ቁጥሩም ከጨርቁ ጋር ይስማማ። ለስስ ጨርቅ 70 ወይም 80፣ ለአቡጀዲና ለዩኒፎርም ጨርቅ 90፣ ለጂንስና ለወፍራም ጨርቅ 100 ወይም 110 ይሆናል። ከገበያ ስንገዛ ደግሞ ጀርባው ጠፍጣፋ የሆነውን እንምረጥ፤ ክብ የሆነው ለፋብሪካ መኪኖች የተሠራ ነውና ለቤት መኪና አይሆንም።

ሁለተኛው የክር አገባብ ነው። ክሩን ሙሉ በሙሉ አውጥቶ እንደ ገና ማስገባት ከብዙ ድካም ያድናል። ክር ሲገባ ጨርቅ የምትጫነው እግር ወደ ላይ ትነሣ። እግሯ ስትነሣ ክሩን የሚያጠብቁት ሁለቱ ዝርግ ብረቶች ይላቀቃሉና ክሩ በመካከላቸው ገብቶ ይቀመጣል። እግሯ እንደ ወረደች ካስገባነው ግን ክሩ ከብረቶቹ ውጭ ይቀራል፤ ያን ጊዜ የላይኛው ክር ፈጽሞ አይወጠርም። ከዚያም ክሩ ከፍና ዝቅ በሚለው ክንድ ቀዳዳ ማለፉን እናረጋግጥ። የክሩም ጥራት ይታይ፤ አርጅቶ በእጅ ሲሳብ ቶሎ የሚበጠስ ክር በመኪና አይሰፋም።

ሦስተኛው ጽዳት ነው። በመርፌዋ ሥር ያለችውን ዝርግ ብረት በካቻቢቴ ፈትተን እናንሣ። ቦቢኗን ከነቤቷ እናውጣ፤ ከማውጣታችን በፊት ግን እንዴት እንደ ተቀመጠችና ክሩ በየት በኩል እንደሚወጣ ልብ እንበል። ስልክ ያለው ሰው ፎቶ ቢያነሣ ይረዳዋል። ከዚያ በትንሽ ብሩሽ ወይም ባረጀ የጥርስ ብሩሽ በጥርሶቹ መካከልና በመንጠቆው ዙሪያ ያለውን ብናኝ እንጥረግ። በአፍ እፍ ማለት አይገባም፤ የትንፋሽ እርጥበት ዝገት ያመጣል፣ ብናኙንም ወደ ውስጥ ይገፋዋል። የተጠመጠመ ክር ካለ በወረንጦ ይሳብ።

አራተኛው ዘይት ነው። ዘይቱ ለስፌት መኪና የተሠራ ቀጭንና ጠራ ያለ ዘይት ይሁን። የምግብ ዘይት ጥቂት ቀን አለስልሶ በኋላ እንደ ሙጫ ይደርቃል፤ ያገለገለ የመኪና ሞተር ዘይትም ወፍራምና ቆሻሻ የተቀላቀለበት ስለ ሆነ ልብስ ያበላሻል። በየዘይት ቀዳዳውና ብረት ከብረት በሚፋተግበት ቦታ ሁሉ አንዲት ወይም ሁለት ጠብታ ትበቃለች። የፔዳሉም መገጣጠሚያዎች አይረሱ። ከተቀባ በኋላ ያለ ክር ጥቂት ደቂቃ እናዙራት፤ ቀጥሎ በቁራጭ ጨርቅ ሰፍተን የተረፈው ዘይት በቁራጩ ላይ እንዲቀር እናድርግ። የደረቀ ዘይት አስሯት ከሆነ ጥቂት የላምባ ጠብታ አድርገን፣ አዙረን፣ ጠርገን፣ ከዚያ በኋላ አዲሱን ዘይት እንቀባለን። ይህ ሥራ ከምድጃና ከሻማ ርቆ በደጅ ይሠራ።

አምስተኛው የክር ውጥረት ነው። ወደዚህ የምንመጣው አራቱን ካጣራን በኋላ ብቻ ነው። ለላይና ለታች ሁለት የተለያየ ቀለም ያለው ክር አስገብተን በእጥፍ ጨርቅ ላይ እንስፋ። የታችኛው ክር ቀለም በላይኛው ፊት ከታየ የላይኛው ክር ጠብቋል ወይም የታችኛው ላልቷል። የላይኛው ክር ቀለም ከሥር ከታየ ደግሞ የላይኛው ላልቷል። ማስተካከያውን ወደ ቀኝ ማዞር ያጠብቃል፤ ወደ ግራ ማዞር ያላላል። እግሯ ወርዳ፣ ጥቂት ጥቂት እየተዞረ፣ በየጊዜው እየተሰፋ ይታይ።

የቦቢኗን ቤት ብሎን መንካት የመጨረሻው ነው። እርሱንም ከመንካታችን በፊት ቦቢኗን ከነቤቷ በክሯ አንጠልጥለን እንፈትናት። ተንጠልጥላ ከቆመችና እጃችንን በትንሹ ስናንቀሳቅስ ጥቂት ወርዳ ከቆመች መልካም ናት። ዝም ብላ ከወረደች ላልታለች፤ ብንንጣትም ካልወረደች ጠብቃለች። ያን ጊዜ ብሎኗን ከሩብ ዙር ባነሰ መጠን ብቻ እናዙር። ይህች ብሎን እጅግ ትንሽ ስለ ሆነች ከወለል ላይ ከወደቀች አትገኝም፤ በነጭ ጨርቅ ላይ ሆኖ መሥራት ይሻላል።

በየቤቱ የምንሰማቸው አቤቱታዎች

«ከሥር ክሩ ይተበተብብኛል» የሚለው ከሁሉ ይበዛል። ብዙዎች ችግሩ ከታች ስለሚታይ ቦቢኗን መነካካት ይጀምራሉ። እውነቱ ግን በአብዛኛው ጊዜ ተቃራኒው ነው። ከሥር የተበላሸ ስፌት ሲታይ የላይኛውን ክር እንመርምር፤ ከላይ ሲታይ የታችኛውን እንመርምር። ጨርቅ የምትጫነውን እግር ሳያወርዱ መስፋት መጀመርም ይህንኑ ትብትብ ያመጣል።

«ክሩ ይበጠሳል» ለሚሉ፣ መርፌውን ቀይረን፣ ክሩን እንደ ገና አስገብተን፣ የላይኛውን ውጥረት በጥቂቱ እናላላ። ካልተወ በመርፌ ቀዳዳ ዙሪያ ያለውን ብረት በጣት እንዳስ። መርፌ ወግቶት የሻከረ ከሆነ እጅግ በላመ የብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል። ጀማሪ የሆነች እኅት ደግሞ መዘውሩን ወደ ኋላ እያዞረች እንዳይሆን እንመልከት። መዘውሩ ወደ ሰፊዋ አቅጣጫ መዞር አለበት፤ በእግር ሲረገጥ ወደ ኋላ ከተመለሰ ክሩ ይያዛል፣ ይበጠሳልም።

«ስፌቱ ይዘላል» ለሚሉ፣ መልሱ ከመርፌ ይጀምራል። አዲስ፣ ቁጥሩ የተስማማ፣ እስከ መጨረሻው ተገፍቶ የገባ መርፌ ካደረግን በኋላ መዝለሉ ከቀጠለ መርፌዋና መንጠቆው የሚገናኙበት ጊዜ ተዛብቶ ይሆናል። ይህ የባለሙያ ሥራ ነው።

«ጨርቁ አይሄድም» ለሚሉ፣ በጥርሶቹ መካከል ብናኝ እንዳለ፣ የስፌት ርዝመት መለኪያው ዜሮ ላይ እንዳልሆነ፣ እግሯን የሚጫነው ሞላም እንዳልላላ እንይ። ጨርቁን በእጅ መጎተት መርፌ ያጣምማል፤ እጅ ይመራል እንጂ አይጎትትም።

«መዘውሩ ይዞራል፣ መርፌው ግን አይንቀሳቀስም» ለሚሉ፣ ቦቢን ለመጠቅለል በመዘውሩ መካከል ያለው ማጥበቂያ ላልቶ ተረስቶ ይሆናል፤ በእጅ ይጠበቃል።

«ፔዳሉ ከበደኝ» ወይም «ቺንጋው ይንሸራተታል» ለሚሉ፣ በመዘውሩና በፔዳሉ መዞሪያ ላይ የተጠመጠመ ክር እንዳለ አይተን ዘይት እንቀባ። የቆዳ ቺንጋ በጊዜ ብዛት ይለጠጣል። ከጫፉ ወደ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ቆርጦ፣ በወስፌ በስቶ፣ በሽቦ መያዣው መልሶ ማገናኘት ነው። አብዝቶ ማሳጠር ግን ፔዳሉን ያከብደዋል።

ከእነዚህ በኋላ የማይድን ችግር ካለ፣ የተሰበረ ብረት ከታየ፣ ወይም መንጠቆው ከመርፌው ጋር እየተጋጨ ከጮኸ፣ መኪናዋን ማቆምና ወደ ባለሙያ መውሰድ ይገባል። ወደ ዲላ ስትወሰድም ራሷ ብቻ ከጠረጴዛው ተነቅላ፣ በጨርቅ ተጠቅልላ፣ ችግሯ በወረቀት ተጽፎ ትሂድ። ባለሙያው ምን ተሞክሮ እንደ ነበረ ካወቀ ጊዜውም ዋጋውም ይቀንሳል።

የኮሚቴው ድርሻ

አባቶችና ወንድሞች፤ የጌዴኦ ገበሬ እንሰት ተክሎ ወደ ቤቱ ገብቶ አይቀመጥም። ችግኙን ከቦታ ወደ ቦታ እያዘዋወረ፣ ጥላውን ዛፍ እየገረዘ፣ ከሥሩ ቡናውን እየኮተኮተ ዓመታት ይጠብቃል። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዐ ምድር እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ የሰፈረው ከትውልድ ወደ ትውልድ በተላለፈ እንዲህ ባለ እንክብካቤ ነው። እኛ ግን መኪና እንሰጣለን፣ ፎቶ እንነሣለን፣ እንመለሳለን። በገበሬው ማሳ ላይ የማናደርገውን በመበለቲቱ ቤት ማድረግ የለብንም። ስለዚህ እነዚህን አምስት ነገሮች እንድትይዙልን በትሕትና እንጠይቃለን።

አንደኛ፣ መኪና የተሰጠበት አጥቢያ ሁሉ አንድ የጋራ የዕቃ ሣጥን ይኑረው። በውስጡ በየቁጥሩ መርፌ፣ የመኪና ዘይት፣ ብሩሽ፣ ትንሽና ትልቅ ካቻቢቴ፣ ወረንጦ፣ ትርፍ ቦቢንና አንድ ትርፍ ቺንጋ ይኑር። የእነዚህ ዋጋ ከአንዲት መኪና ዋጋ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው፤ አለመኖራቸው ግን መኪናዋን ለወራት ያቆማታል። በየወሩ ሰፊዎቹ ከሚያገኙት ጥቂት እያዋጡ ሣጥኑን ይሙሉት።

ሁለተኛ፣ ምርመራውን በሚገባ የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ይሠልጥኑ። አንዷ ብትታመም ወይም ብትሄድ ሌላዋ እንድትተካ ነው። ትምህርቱም በሚገባቸው ቋንቋ፣ በጌዴኦኛም ይሁን። ከመኪናው ጋር የሚመጣው መመሪያ በባዕድ ቋንቋ ተጽፎ በላስቲክ እንደ ታሸገ የሚቀር ነውና።

ሦስተኛ፣ ጉብኝቱ በወቅቱ ይደረግ። ሐምሌ ሳያልቅ መኪኖቹ ሁሉ ይታዩ፤ የዩኒፎርም ሥራ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሁለተኛው ጉብኝት ከቡና ለቀማው በፊት ይሁን። አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ለዚህ ነው። በጉብኝቱም መኪናዋ የተቀመጠችበት ቦታ ይታይ። የምድጃ ጭስና የአካባቢያችን እርጥበት ብረትን ይበላሉ፤ ከምድጃው ርቃ፣ ሥራ ሲያልቅ በጨርቅ ተሸፍና ትቀመጥ። ላስቲክ ግን እርጥበት አምቆ ያዘገባል።

አራተኛ፣ ቤተ ክርስቲያን ራሷ ደንበኛ ትሁን። የሰንበት ትምህርት ቤት መዘምራን ልብስ፣ የቤተ መቅደስ መጋረጃ፣ የአገልጋዮች አልባሳት ከሩቅ ከተማ ተሰፍተው ሲመጡ እናያለን። ከእነዚህ ቀላል የሆኑት እዚሁ ቢታዘዙ መኪኖቹ ሥራ አያጡም። ስትሠራ የምትውል መኪና ቶሎ አትዝግም፤ ችግሯም በጊዜ ይታወቃል።

አምስተኛና ዋናው የሪፖርታችን ነገር ነው። ከእንግዲህ በምትልኩልን ሪፖርት «ይህን ያህል መኪና ተሰጥቷል» ከሚለው ቀጥሎ «በዚህ ወር ከእነዚህ ይህን ያህሉ ሰፍተዋል» የሚል ዓምድ ይኑር። ይህ ቁጥር ከፊተኛው ያነሰ ይሆናል፤ ምናልባት እጅግ ያነሰ። አትፍሩት፤ አናሳ ነው ብለንም አንወቅሳችሁም። ያነሰውን ቁጥር የጻፈ ኮሚቴ ቤት ለቤት የሄደ ኮሚቴ መሆኑን እናውቃለን። ከለጋሾችም ፊት ይህንኑ ይዘን እንቆማለን፤ ሰጪው ስጦታው የት እንደ ደረሰ በእውነት ማወቅ ይገባዋልና።

ከሁሉም በላይ ኀፍረቱን ከእናቶቻችን ላይ አንሡልን። መኪና ሲቆም «ምን አደረግሽው?» ብሎ የሚጠይቅ ኮሚቴ ሁለተኛ አይጠራም። «ነይ፣ አብረን እንየው» የሚል ግን በማግሥቱ ይጠራል፤ መኪናዋም በማግሥቱ ትሠራለች። ለበዓል ቀን ቡራኬ በየቤቱ የምትገቡ አባቶች ይህን ለማድረግ ከእኛ ይልቅ ትቀርባላችሁ። ጸበል ረጭታችሁ ስትወጡ በጥግ የተሸፈነ ነገር ብታዩ፣ «ይህች መኪና ትሰፋለች ወይ?» ብላችሁ ጠይቁልን።

እኚያ እናት ዛሬም ይሰፋሉ። በተመለስን ጊዜ ከጎረቤት የመጡ ሁለት ልጃገረዶች መርፌ በመስተዋት ላይ አስተኝተው ሲመረምሩ አገኘናቸው። አስተማሪያቸው እርሳቸው ነበሩ። በጥር ወር «አፈርሁ» ያሉን ሴት የሌላውን መኪና ችግር ሊያዩ ጎረቤት ቀበሌ ድረስ እንደሚጠሩ ነገሩን። መዝገባችን ላይ ስማቸው ከተጻፈበት ቃል ጎን ያን ቀን አዲስ ነገር አልጨመርንም፤ ቀድሞ የተጻፈው ቃል ገና ያን ዕለት እውነት ሆኖ ነበርና።

የእጃችሁን ሥራ እግዚአብሔር ይባርክልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።